መልስ፦ የ700 ሲ ቸርኬ ለአሮጌ የብረት ፍሬም

ጤና ይስጥልኝ። ለ27 ኢንች ቸርኬ በተሠራ አሮጌ የብረት ፍሬም ላይ ከሌላ ሳይክል የተፈታ 700 ሲ የሚባል መጠን ያለው የኋላ ቸርኬ መግጠም ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል። የ27 ኢንቹ ቸርኬ የጎማ መቀመጫ ዲያሜትር 630 ሚሊሜትር፣ የ700 ሲው ደግሞ 622 በመሆኑ የፍሬኑ ሸራ 4 ሚሊሜትር ወደ መሃል መውረድ አለበት፤ ካልደረሰ ክንዱ ረዘም ያለ ፍሬን ይፈልጉ። አሮጌውን ጎማ ግን ወደ አዲሱ ቸርኬ አያዛውሩ፤ ስለሚሰፋው በጉዞ ላይ ሊወልቅ ይችላልና እባክዎ ይህን ችላ አይበሉ።

ይበልጥ የሚከብደው የኋላው ስፋት ነው። ቸርኬው በሚታሰርባቸው የፍሬሙ የኋላ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 126 ሚሊሜትር፣ የቸርኬው ሞዞ (የቸርኬው የመሃል ክፍል) ስፋት ደግሞ 130 ከሆነ፣ ብረት ስለሚታዘዝ እያንዳንዱን ጎን 2 ሚሊሜትር ቀስ እያሉ ማስፋት ይቻላል፤ ፍሬሙ አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ፈጽሞ አልመክርዎትም ነበር። ካሰፉ በኋላ ሲባጎ ከአንዱ የኋላ ጫፍ ተነሥተው በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረው እስከ ሌላኛው ጫፍ ይወጥሩና፣ ከሲባጎው እስከ መቀመጫው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ፤ ልዩነት ካለ ሁለቱ ርቀቶች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ያስተካክሉት፤ ከዚያ በፊት ቸርኬውን አይግጠሙ።