ወንበሩ አልዘጋ ሲል፦ ስለ መዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎችና ገዘፍ ያለ ሰውነት ስላላቸው ጎብኚዎች ጥያቄና መልስ

በሮለርኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል በሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር) መሳፈሪያ ላይ ቆሜ፣ ተሳፋሪዎችን በወንበራቸው ላይ አጥብቆ የሚይዘውን መያዣ አንድ በአንድ እየነካሁ ስፈትሽ ዓመታት አሳልፌአለሁ። እኔም ገዘፍ ያለ ሰውነት ስላለኝ በሰው ፊት ከወንበር ተነሥቶ መውረድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 125 ኪሎ ነው። ልሄድበት ያሰብሁት ፓርክ የክብደት ገደብ አልጻፈም። ያለ ችግር እሳፈራለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተስፋም አይቁረጡ። አብዛኛው ሮለርኮስተር የሚፈትነው ኪሎን ሳይሆን የሰውነትን ቅርጽ ነው። እኩል 125 ኪሎ ከሚመዝኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ቁመቱ ረዝሞ ሥጋው በመላ አካሉ የተሰራጨ ሲሆን በቀላሉ ይሳፈራል፤ ሥጋው በሆዱ ላይ የተከማቸው ሌላው ግን ይመለሳል። የጭን መያዣው ብረት ከፊት ዞሮ ወደ ጭን የሚወርድ በመሆኑ ቦርጭ መንገዱን ይዘጋበታል። ከላይ የሚወርደው የትከሻ መያዣ ደግሞ በደረት ላይ ስለሚያርፍ፣ ወገባቸው ቀጭን ሆኖ ደረታቸው የሰፋ ስፖርተኞችና ጡታቸው ትልቅ የሆነ ሴቶች ሲቸገሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ኪሎ በቀጥታ የሚቆጠረው በተለይ በውሃ መንሸራተቻዎች ላይ ነው፤ ክብደት የተንሸራታቹን ፍጥነት ስለሚለውጥ በአንዳንዶቹ መግቢያ ላይ ሚዛን ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ቀበቶው ለመቆለፍ የቀረው የአንድ ጣት ስፋት ነበር። ሠራተኛው ትንሽ ቢያስረዝምልኝ ምን ነበረበት?

መልስ፦ ያ ቀበቶ እንደ መኪና ቀበቶ የሚረዝምና የሚያጥር አይደለም። ቦሊገር ኤንድ ማቢላርድ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ በሚሠራቸው ብዙ ሮለርኮስተሮች ላይ የትከሻ መያዣውን ከወንበሩ ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ ርዝመቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ተጨማሪ ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን መለኪያም ነው። ቀበቶው ካልደረሰ መያዣው በሚፈለገው መጠን አልወረደም ማለት ነው። የእርስዎ አንድ ጣት ለእኔ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ደግነቱ በእነዚሁ ሮለርኮስተሮች ላይ ሁለት ቀበቶ የተገጠመላቸው ወንበሮች በተወሰኑ ረድፎች ላይ ይገኛሉ፤ የተሠሩትም ለእኛ ዓይነቱ ሰው ነው። ወደ መሳፈሪያው መድረክ እንደደረሱ የትኛው ረድፍ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተጠየቀ የማይናገር ሠራተኛ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ሆዴ ለስላሳ ነው፤ ብረቱን ጠንከር አድርገው ቢጫኑት ይገባል። ለምን አይገፉትም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ የጉዳዩን ልብ ይነካል። ሮለርኮስተር ኮረብታውን ሲሻገር ሰውነት ከወንበሩ ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት ሰውን የሚይዘው በጭኑ ላይ፣ ወደ ዳሌው ቀረብ ብሎ ያረፈው ብረት ነው። ብረቱ በሆድ ላይ ካረፈ በጣቢያው ውስጥ የጠበቀ ይመስላል፤ በጉዞው ላይ ግን ለስላሳው ሥጋ ቦታውን ይለቃል፣ ተሳፋሪውም ሽቅብ ሲነሣ በጭኑና በብረቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ዋናው ነገር የብረቱ መጥበቅ ሳይሆን የት እንዳረፈ ነው።

መለኪያውን ማላላት ምን እንደሚያስከትል በ2022 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ታይቷል። 130 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የመውደቂያ ማማ (ተሳፋሪዎችን ወደ ላይ አውጥቶ በድንገት ቁልቁል የሚለቅ መጫወቻ) ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከወንበሩ ወጥቶ ሞተ። በአምራቹ መመሪያ የተቀመጠው ከፍተኛ ክብደት 130 ኪሎ ሲሆን የልጁ ክብደት ግን ከ170 ኪሎ በላይ ነበር። በምርመራው እንደተገለጸው፣ የተቀመጠበትን ወንበር መያዣ የሚከታተለው ዳሳሽ (ሴንሰር) በእጅ ተስተካክሎ ስለነበር፣ በመያዣውና በወንበሩ መካከል ያለው ክፍተት ከመደበኛው እጥፍ ገደማ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ለመነሣት ፈቀደ፤ ወንበሩም ተጨማሪ ቀበቶ አልነበረውም። ዳሳሽ የሚመሰክረው ሰው ባስተካከለው ልክ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማማው ፈርሷል፣ በ2023 ግዛቱ ሕግ አውጥቷል። ከዚያ ቀደም በ2013 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ አንዲት ሴት ከሮለርኮስተር ወድቃ ከሞተች በኋላ፣ ፓርኩ መጫወቻውን መልሶ ሲከፍት ቀበቶ ጨምሮና በመግቢያው ላይ ጎብኚው ከመሳፈሩ በፊት ልኩን የሚያይበት የመሞከሪያ ወንበር አስቀምጦ ነበር። ወንበሩ ከአደጋው በፊት ቢኖር ምን ነበረበት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ ልቀመጥ?

መልስ፦ መያዣው ለሁለት አንድ ከሆነ ባይቀመጡ እመርጣለሁ። ብረቱ የሚቆመው በእርስዎ ጭን ላይ ሲሆን በልጁ ፊት ባዶ ቦታ ይቀራል። ለየብቻ መያዣ ካለው ግን ችግር የለም።

ጥያቄ፦ የመሞከሪያ ወንበሩ ላይ በሰው ፊት መቀመጥ ያሳፍረኛል።

መልስ፦ ይገባኛል። ቢሆንም ሁለት ሰዓት ተሰልፎ ከመድረክ ከመመለስ ማለዳ ሰው ሳይበዛ መሞከር ይሻላል። በኦርላንዶ የሚገኘው በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሃሪ ፖተር መጫወቻ፣ ብዙ ሰው በወንበሩ ተቸግሮ ስለነበር፣ በመግቢያው የመሞከሪያ ወንበር አለው፤ ከወንበሮቹም የተወሰኑት ገዘፍ ላሉ ሰዎች ተስተካክለዋል። በ2023 በፍሎሪዳው የዲዝኒ ፓርክ በማጂክ ኪንግደም የተከፈተው ትሮን የተባለው ሮለርኮስተር እንደ ሞተር ብስክሌት ጎንበስ ብለው የሚቀመጡበት ቢሆንም፣ በአንዳንድ ባቡሮች ኋላ ላይ መደበኛ ወንበር ተገጥሞለታል። ሲሞክሩ ኪስዎን ባዶ ያድርጉ፣ ወፍራም ጃኬት ያውልቁ፣ መቀመጫዎን እስከ መደገፊያው ድረስ ገፍተው ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ተሳፋሪው ወደ ፊት ተንሸራቶ ስለተቀመጠ ብቻ አልዘጋ ያለ ብረት፣ ወደ ኋላ ሲጠጋ ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ ሲወርድ አይቻለሁ። ትንፋሽን አስወጥቶ ሆድን ስቦ መቆለፍ ግን አልመክርም፤ በጉዞው ላይ መተንፈስዎ አይቀርም።

ጥያቄ፦ አንድ ሠራተኛ ጮክ ብሎ «ስለወፈሩ አይችሉም» አለኝ። እንዲህ ማለት ይፈቀድለታል?

መልስ፦ ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አነጋገሩ ግን ጥፋት ነው። እኔ የተማርሁት ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ «መያዣው አልቆለፈም» ማለትን ነው፤ የሚነገረው ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። ቀጥሎም የተለየ ረድፍ ካለ ማሳየት፣ ከሌለም አብሯቸው የመጣ ሰው ብቻውን መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ፣ ከዚያም መውጫውን ከፊት እየመሩ ማሳየት እንጂ በጣት መጠቆም አይገባም። ለፓርኩ አስተዳደር ሲጽፉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጫወቻውን ይጥቀሱ፤ በዚያ ሰዓት በመድረኩ ላይ ማን እንደተመደበ መዝገብ አለ።