«ትርጉማቸው አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ለምን ሲ ሆነ?» ላለችው እህት

ሰላም እህቴ። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማረሚያ ጥያቄ ይዘሽ «ዘ ፖፑሌሽን ኦፍ ናይጄሪያ ኢዝ ላርጀር ዛን ኢትዮጵያ» ምኑ ነው ስህተቱ፣ ለምንስ መልሱ ሲ፣ ማለትም «ዛን ዛት ኦፍ ኢትዮጵያ» ሆነ ብለሻል። እኔንም እዚሁ ሀዋሳ ለፈተና ስዘጋጅ ያቃጠለችኝ እንዲህ ያለች ጥያቄ ነች።

አንድ ቀን ወረቀቴን ይዤ አሞራ ገደል አሳ ልበላ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ እሾሁን እየለቀመ «የሀዋሳ አሳ ከዝዋዩ ይጣፍጣል» አለ (የዝዋይ ልጆች ይቅር በሉት)። «ከዝዋይ» አላለም፣ «ከዝዋዩ» ነው ያለው። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» በአሳው ቦታ ገብታለች፤ አሳን ከአሳ እንጂ አሳን ከከተማ አላወዳደረም። እንግሊዝኛ ይህንኑ የሚሠራው በ«ዛት ኦፍ» ነው፣ ለብዙ ሲሆን በ«ዞዝ ኦፍ»። ያንቺም ጥያቄ «የናይጄሪያ የሕዝብ ቁጥር ከኢትዮጵያው ይበልጣል» ነው፣ ቁጥር ከቁጥር። ሰው ሲያወራ «ከኢትዮጵያ ይበልጣል» ቢልም እንግባባለን፤ ፈተና አውጪው የሚያጠምደን እዚያው ላይ ነው።

ፓራለሊዝም (የተደረደሩ ቃላት አንድ ዓይነት ቅርጽ ይኑራቸው የሚለው ሕግ) ላይ ግን አማርኛው አያድንሽም። «ሺ ላይክስ ስዊሚንግ፣ ሪዲንግ ኤንድ ቱ ኩክ» ጆሮ ላይ አይቆረቁርም፣ ምክንያቱም «ኩኪንግ»ም «ቱ ኩክ»ም ለእኛ ያው «ማብሰል» ነው። ስለዚህ በትርጉም ሳይሆን በዓይን ሂጂ። እኔ «ኤንድ» ስትመጣ እርሳሴን እሷ ላይ አሳርፍና ወደኋላ ተመልሼ የቃላቱን ጭራ አያለሁ፦ ኢንግ፣ ኢንግ፣ ቱ? ተያዘች። «ኖት ኦንሊ»ም ያው ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ስም ከመጣ ከ«በት ኦልሶ» ቀጥሎም ስም።

የማስጠናቸው ልጆች ስቀውባት ፈተና ላይ የሚስቷት ደግሞ ይቺ ነች፦ «ሀዋሳ ኢዝ ቢገር ዛን ኤኒ ሲቲ ኢን ሲዳማ»። ሀዋሳ ራሷ ሲዳማ ውስጥ አይደለችም እንዴ? ከራሷ በለጠች ማለት ነው። «ኤኒ አዘር ሲቲ» ሲባል ትድናለች።

በነገራችን ላይ፣ ከሰው የተዋስሽው የድሮ የጂማት (የቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ ፈተና) መጽሐፍ ከሆነ ለዚህ ሰዋስው ልምምድ ይጠቅምሻል። ጂማትን ራሱን ልትፈተኚ ከሆነ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጣው አዲሱ ፈተና ይህን የዓረፍተ ነገር ማረሚያ ክፍል አስቀርቶታል፣ ጊዜሽን አታባክኚ።

እስኪ ይቺን ሞክሪ፦ «ዘ ሮድስ ኢን አዳማ አር ዋይደር ዛን ሀዋሳ»። «ዛት» ነው «ዞዝ»? ቀጥሎስ «ኦፍ» ነው «ኢን»?