ፎርማት ከማድረግህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ማስታወቂያ እየወጣ አስቸግሮሃል፤ ፍለጋ ስትጽፍ ደግሞ ወደማታውቀው ገጽ ይወስድሃል። አንቲቫይረሱ «ምንም የለም» ብሎሃል። ፎርማት ላድርገው፣ ማለትም ሁሉንም አጥፍቼ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ልጫን ወይ ነው ጥያቄህ። ቆይ፣ አትቸኩል። የሰው ኮምፒውተር ስነካካ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ፎርማት ላይ የሚያደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

ሁለቱን ችግሮች ለያይተህ እያቸው። ከታች ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም አይደለም። የሆነ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ተጫን» ብሎ አንተን ወይ ከቤት አንዱን ሸውዷል። ተጫናችሁ፣ አለቀ! ኖቲፊኬሽን እንዲልክ ተፈቀደለት። አንቲቫይረሱ ባዶ እጁን የተመለሰው ለዚህ ነው፤ የሚይዘው ፋይል የለማ።

ብሮውዘርህ ክሮም ከሆነ ሴቲንግስ ግባ፤ ከዚያ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ቁልቁል ተመልከት። ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ለማንበብ እንኳ የማይመች አድራሻ ካየህ ከእነሱ አንዱ ነው። አጥፋው። እዚያው ገጽ ላይ ድረ ገጾች ጭራሽ ፈቃድ እንዳይጠይቁ የሚከለክል ምርጫ አለ፤ እኔ ለሰው ሳጸዳ እሱን ሳላበራ አልነሳም። በነገራችን ላይ «5 ቫይረስ ተገኝቷል፣ አሁኑኑ አጽዳ» የሚለው ማስፈራሪያም በብዛት የሚመጣው በዚሁ በር ነው። እንዳትነካው።

የፍለጋው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚያ የምጠረጥረው ኤክስቴንሽን ነው፤ ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ሲያዩት ምስኪን ይመስላል፦ ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ ቅናሽ ፈላጊ። ዝርዝሩን ከፍተህ የማትጠቀምበትን ሁሉ አውጣ። ሪሙቭ የሚለው ቁልፍ ከጠፋ፣ ወይም ከሜኑው ግርጌ «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» (በመሥሪያ ቤትህ የሚተዳደር) የሚል ጽሑፍ ካየህ ንቃ። ይህ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ብሮውዘር የሚቆጣጠሩበት መንገድ ነው። የቤት ኮምፒውተር ምን አለቃ አለው? አንዳንድ አንቲቫይረስም ያንን ጽሑፍ ያመጣል፤ ካልሆነ ግን አድዌሩ፣ ማለትም ማስታወቂያ የሚያመጣው ፕሮግራም፣ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንጎች የሚቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ ገብቶ ራሱን ሾሟል ማለት ነው። ካልለመድከው ሬጂስትሪውን በእጅህ አትጎርጉር። አድዌር የሚያጸዳው የማልዌርባይትስ አድው ክሊነር ነፃ ነው፤ ሴቲንጉ ውስጥ የክሮም ፖሊሲን (ብሮውዘሩ ላይ የተጫነበትን ደንብ) ወደ ነበረበት የሚመልስ ማብሪያ አለው። ከራሱ ከማልዌርባይትስ ገጽ ብቻ አውርደው። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚወጡት ማስታወቂያዎች ሌላ ጣጣ ሊያስገቡብህ ይችላሉ።

አሁን ፎርማትን ለምን እንደማልወድልህ ልንገርህ። ብሮውዘርህ በአካውንትህ ሲንክ የሚያደርግ፣ ማለትም ሴቲንግህን አካውንትህ ላይ እያስቀመጠ በሌላ ኮምፒውተር የሚመልስ ከሆነ ኤክስቴንሽኖቹም አብረው ተመዝግበዋል። ዊንዶውስን አዲስ ጭነህ፣ ደክመህ፣ በዚያው አካውንት ስትገባ ያው ጉደኛ ተከትሎህ ከች ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲንኩን አጥፋ፣ አካውንቱ ላይ የተቀመጠውንም ኮምፒውተሩንም አጽዳ፣ ከዚያ ሲንኩን መልሰህ አብራ። በዚያ አካውንት የምትጠቀምበት ሌላ ኮምፒውተር ካለም እሱንም አብረህ አጽዳ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተመለሰ፣ ከብሮውዘሩ ውጪ የሚያስነሳው ነገር አለ። የተጫኑ ፕሮግራሞችን በገቡበት ቀን ደርድራቸው፤ ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን አራግፍ። የብሮውዘሩን ሾርትከት በቀኝ ጠቅ አድርገህ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ታርጌት የሚለውን መስመር እስከ መጨረሻው አንብብ። ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ የድረ ገጽ አድራሻ ከተቀጠለበት፣ ያቺን ቅጥያ ብቻ ሰርዝ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ፕሮግራሞችን በቀጠሮ የሚያስነሳውን የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለርንም እየው።

የፍለጋ ገጽህን የሚቀይር ኤክስቴንሽን የምትከፍተውን ገጽ የማንበብ ፈቃድም ሊኖረው ስለሚችል፣ ሲጸዳ የኢሜይልና የባንክ ፓስወርድህን ቀይር። ከመጽዳቱ በፊት ግን አይደለም።

እርግጠኛ ያልሆንክበት ስም ካጋጠመህ ስክሪንሾት አንስተህ እዚህ ለጥፈው፤ አይተን እንነግርሃለን።