ቤት ያነክሳል፣ ክሊኒክ ሲደርስ ይሻለዋል

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ቡቺ የሚባል ያረጀ ውሻ አለን። ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሩን ያነክሳል፣ ደረጃ መውጣትም ትቷል። ክሊኒክ ስወስደው ግን ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ሐኪሙ እግሩን ጫን ጫን አድርጎ አየውና «ደህና ነው» ብሎ መለሰን። ባለቤቴ ደግሞ «እንድታባብዪው ነው» ይለኛል። ውሻ ያስመስላል እንዴ?

መልስ፦ አያስመስልም እህቴ። ቡቺን ያመዋል። እንስሳ ክፉኛ ሲደነግጥ አንጎሉ ራሱ ኢንዶርፊንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ይለቅና ህመሙን ለጊዜው ያፍነዋል፤ ለማምለጥ የሚሮጥ ፍጡር ቆሞ እግሩን ማስታመም አይችልማ። ለቡቺ ደግሞ ክሊኒኩ የማያውቀው ሽታ፣ የማያውቀው እጅና የሌሎች ውሾች ጩኸት ነው።

በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ሞጊል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ በአይጦች ላይ አሳይቷል። አጠገባቸው ወንድ ተመራማሪ ካለ የህመም ምልክታቸው ይቀንሳል፣ ሴት ከሆነች ግን አይቀንስም። ሰውየው ባይኖር እንኳ ለብሶት ያደረውን ካናቴራ ብቻ ቢያስቀምጡላቸው ያው ነው! ሽታው ያስጨንቃቸዋል፣ ጭንቀቱም ህመሙን ይሸፍነዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የ2006ቱ ሥራቸው ነው። ሁለት አይጦች አብረው ሲያማቸው፣ አንድ ሳጥን ውስጥ የኖሩ ከሆኑ አንዱ ሌላውን እያየ የራሱም ይብስበታል፤ ባዳ ከሆኑ ግን እንዲህ አይሆንም። በኋላ የጭንቀት ሆርሞን እንዳይመረት የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጧቸው ባዳዎቹም እንደ አብሮ አደግ ሆኑ።

ታዲያ ጭንቀት ሁሌ ህመም ያስታግሳል ማለት አይደለም። ድንገተኛው ነው የሚሸፍነው። ለሳምንታት የሚዘልቀው ግን፣ ለምሳሌ ውሻን ቀኑን ሙሉ ለብቻው አስሮ ማዋል፣ ህመሙን ያባብሰዋል። ስለዚህ ባለቤትሽ «ያስመስላል» ብሎ ጓሮ እንዳያስረው አደራ።

ከቤት ያለ የሰው ማስታገሻም እንዳትሰጪው፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል (ድመት ካለችሽ ደግሞ ፓራሲታሞል ይገድላታል)። ይልቅ ስልክሽን አውጪና ጠዋት ሲነሳ፣ ደረጃው ስር ቆሞ ሲያመነታ ቅረጪው። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ቢያየው ደግሞ በጣም ጥሩ። ቪዲዮውን አይቶም «ደህና ነው» ካለሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።