መድረኩን ትተው መኪና ማቆሚያው ላይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ አረብ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ጊታር እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ብሉግራስ የሚባል የአሜሪካ ሙዚቃ አየሁ። በጣም ይፈጥናል፣ ከበሮ ግን የለውም። ሰዎቹ ደግሞ ፌስቲቫል መጥተው መድረኩን ትተው መኪና ማቆሚያው ላይ ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ምኑን ነው እንዲህ የሚወዱት?
ጊታር ተማሪው

መልስ፦ ከመኪና ማቆሚያው ልጀምር፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ፌስቲቫል ከሚመጣው ሰው ብዙው መሣሪያውን ይዞ ነው የሚመጣው። አድማጩ ራሱ ተጫዋች ነው። አንዱ ዘፈን ይጠራል፣ “ጂ ላይ ነው” ብሎ የሚጫወቱበትን ቁልፍ ይናገራል፣ ይጀመራል። ኖታ የለም፣ ልምምድ የለም። ብዙዎቹ ዘፈኖች በሦስት ኮርድ (አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) የሚሄዱና ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው። ስለዚህ ስም ለስም የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ይጫወታሉ። ማንዶሊኑ፣ ማለት ጥንድ ጥንድ ክር ያለው ትንሹ መሣሪያ፣ ዜማውን ይይዛል፤ ከዚያ ከበሮ መሰል ክብ አካል ያለው ባለክሩ ባንጆ፣ ከዚያ ቫዮሊኑ። ተራው ያልደረሰ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጀማሪ ከኋላ ቆሞ ኮርድ ይመታል። እኔ ሐዋሳ ሆቴሎች ውስጥ ለዓመታት ተጫውቻለሁ። መድረክ ላይ ያለነውና ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡት ሳንተዋወቅ ነበር የምንለያየው። በዚህ ነገራቸው እቀናለሁ።

ከበሮው? አለ እኮ! ቤዙ ጠንካራውን ምት ይይዛል። ማንዶሊኑ ደግሞ በምቶቹ መሃል ክሮቹን ቸክ አድርጎ መትቶ ወዲያው ያፍናቸዋል። በጆሮህ እሱን ብቻ ተከተል፣ ፍጥነቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባሃል።

ሙዚቃውን ያዋቀረው ቢል ሞንሮ ነው። የተወለደው ኬንታኪ፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ባንዱን “ብሉ ግራስ ቦይስ” ያለው በአገሩ ቅጽል ስም ነው፤ የሙዚቃው ስምም ከዚያ መጣ። በ1945 መጨረሻ ባንጆን በሦስት ጣት የሚጫወተው ኧርል ስክራግስ ሲቀላቀለው ዛሬ የምትሰማው ድምፅ ተወለደ። ባንጆ ራሱ ሥሩ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው ወደ አሜሪካ ያሻገሩት። ሞንሮም በልጅነቱ አርኖልድ ሹልትዝ ከሚባል ጥቁር ጊታሪስት ጋር የጭፈራ ዝግጅት ላይ ተጫውቷል። ይህ ሳይነሳ ሲቀር ደስ አይለኝም።

ግጥሞቹ ደግሞ ስለ ጥለውት ስለመጡት ቤት፣ ስለ እናት፣ ስለ ሞት ናቸው። ሙዚቃው ከሚወደድባቸው ከአፓላቺያ ተራሮች ብዙ ሰው ለፋብሪካ ሥራ ወደ ኦሃዮና ዲትሮይት ሄዷል፤ ናፍቆቱ ከዚያ ነው። እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር መጥተው የሚሠሩት እህቶቻችን ቋንቋውን ባይሰሙም ስሜቱን የሚያጡት አይመስለኝም። ሁለት ሦስት ድምፅ ተደራርቦ፣ ከላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ሲወጣ ሆድ ያባባል።

አንተ ጊታር ስለያዝክ በሞንሮ ባንድ ጊታር ይጫወት የነበረውን ሌስተር ፍላትን ስማ። ስንኙ ሲያልቅ ጂ ላይ የምትዘጋ አጭር ሩጫ አለችው፤ እሷን ቀስ ብለህ አጥና። ከዚያ ሁለት ጓደኛ ይዘህ ፍቅር ሐይቅ ውረዱና ጂ፣ ሲ፣ ዲ ላይ ተራ እየተቀባበላችሁ ተጫወቱ። ሌላው ሲጫወት ዝቅ ማለትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ልመዱት።