መልስ፦ የዋርካና የሾላ ዝምድና በአንድ ጂን ብቻ ይታወቃል ወይ?

እህቴ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሰበሰብሽውን የዋርካና የሾላ ቅጠል «አርቢሲኤል» (rbcL) በሚባለው የዕፅዋት ጂን ብቻ ማዛመድ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ብቻውን አይበቃም። ይህ ጂን የሚለወጠው በጣም ቀስ ብሎ ነው። የሩቁን ወገን ያሳይሻል፤ የቅርብ ዘመዳሞችን ግን አይለይልሽም። በ2009 እ.ኤ.አ. ለዕፅዋት ባርኮድ (ዝርያን በአጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ለመለየት) «ማትኬ» (matK) ከሚባል ሌላ ጂን ጋር የተጣመረውም ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

እኔ ብሆን «አይቲኤስ» (ITS) የሚባለውን የዲኤንኤ ክፍል እጨምራለሁ። «አርቢሲኤል»ና «ማትኬ» የክሎሮፕላስት፣ ማለትም ተክሉ በብርሃን ምግቡን የሚሠራበት የሕዋስ ክፍል፣ ጂኖች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የእናትን መስመር ብቻ ይከተላሉ። «አይቲኤስ» ግን ከኒውክለስ (ከሕዋሱ አስኳል) ነው፤ የአባትየውንም ፍንጭ ይሰጥሻል። ከክሎሮፕላስቱና ከኒውክለሱ የሚወጡት የዘር ሐረጎች ካልተስማሙ አትደንግጪ። ምናልባት ዝርያዎቹ ድሮ ተዳቅለው ይሆናል፤ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ ለጋ ቅጠል ቁረጪ። ነጩን ወተት ጥረጊና ወዲያው ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ) ውስጥ ክተቺው። በዚህ ሙቀት ፌስታል ውስጥ ካደረ ዲኤንኤው ይበጣጠስብሻል።