ጥያቄና መልስ፦ ካርቶኑ 56 ኪሎ ሜትር ይላል

ባለፈው ስለ እጅ ሬዲዮ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ ከጀልባ ሰዎች ነው፣ ግማሹ ከአስጎብኚዎች። አንዱ ደግሞ ዳክዬ ሊያድን አስቧል። እስቲ እንያቸው።

ጋሼ፣ ዴንቨር ያለው ወንድሜ ከአደን ዕቃ መሸጫ ጥንድ ዎኪቶኪ ሊልክልኝ ነው። ካርቶኑ 35 ማይል ይደርሳል ይላል። እኔ ከባሕር ዳር ዘጌ እንግዳ አመላልሳለሁ። ይሆነኛል?

35 ማይል 56 ኪሎ ሜትር ነው። የጣና ወርድ ራሱ 66 ገደማ ነው። ካርቶኑን ካመንከው ሐይቁን ለማቋረጥ ጥቂት ነው የሚቀርህ ማለት ነው!

ቁጥሩ አንዱ ከተራራ አናት፣ ሌላው ከሌላ ተራራ አናት ሆነው መሃል ላይ ምንም ሳይኖር የሚገኝ ነው። የእነዚህ ሬዲዮዎች ሞገድ እንደ ዓይን ነው፣ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ውሃው ለጥ ያለ ቢመስልም ምድር ክብ ናትና ከተወሰነ ርቀት በኋላ ውሃው ራሱ ይጋርድሃል። ሁለት ሰዎች ቆመው ቢነጋገሩ፣ አንቴናው ከውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ካለ፣ ቢበዛ ቢበዛ 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንደኛው 15 ሜትር ከፍታ ላይ ቢወጣ ግን ወደ 21 ይደርሳል።

ይህንን በዓይኔ፣ ይቅርታ፣ በጆሮዬ አይቼዋለሁ። አንድ ወዳጄ ፈቃድ ያላቸውን የድርጅቱን ሬዲዮዎች ይዞ ለሙከራ በጀልባ ወጣ። እኔ ዳር ላይ ቡና ይዤ ቁጭ ብያለሁ። መጀመሪያ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣ ነበር። ቀስ በቀስ መቆራረጥ ጀመረ፣ በመጨረሻ «ሽሽሽ» ብቻ ሆነ። ሲኒዬን አስቀምጬ አጠገቤ ያለ ሆቴል አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወጣሁ። «...ወይ ጉድ፣ ትሰማኛለህ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስጮህ!» እያለ ነው። ያው ሬዲዮ፣ ያው ባትሪ። የተለወጠው የቆምኩበት ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ ብር ካለህ ዋት (የሬዲዮውን ጉልበት) ከምትጨምር ዳር ላይ የሚቀመጠውን ሰውዬ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው ርቀቱ እጥፍ አይሆንም።

ለወንድምህ ግን ዛሬውኑ ደውልና «ቆይ» በለው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚሠራባቸው እነዚያ ሬዲዮዎች በ462 እና 467 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ እስከ 2 ዋት ድረስ ናቸው። እዚያ ነፃ ነው ማለት እዚህ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ አይቻለሁ እኮ።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው። ሱቅ ውስጥ መኖሩ ፈቃድ አይሆንም። መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ፣ ከዚያ በተፈቀደላችሁ ሞገድ የሚሠራውን ግዙ። በተቃራኒው የሄዱ ሰዎች ሬዲዮው ጉምሩክ ቀርቶባቸዋል። ኬላ ላይ ደግሞ ያለ ወረቀት ዎኪቶኪ ይዞ መገኘት በዚህ ጊዜ ቀልድ አይደለም።

አስጎብኚ ነኝ፣ የባሕር ዳር ልጅ። አንዳንዴ ከውጭ አዳኞች ጋር አርሲና ባሌ እወርዳለሁ። ቪኤችኤፍ ልያዝ ወይስ ዩኤችኤፍ?

ሁለቱም የሬዲዮ ሞገድ ዓይነቶች ናቸው፣ የቪኤችኤፍ ረዘም ይላል፣ የዩኤችኤፍ ያጥራል። ለጫካና ለገደል ቪኤችኤፍ እመርጣለሁ። በቅጠልና በዛፍ መሃል ይሻላል። ዩኤችኤፍ ከተማ ውስጥ፣ ሕንፃ ለሕንፃ ነው ጎበዝ የሚሆነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። የቪኤችኤፍ ሞገድ ርዝመቱ 2 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ደህና አንቴናው ረጅም ነው፣ የሞገዱን ሩብ ያህላል፣ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። አውራ ጣት የምታህለው አንቴና ኪስ ውስጥ ታምራለች፣ ሥራ ላይ ግን ሰነፍ ናት። ረጅሙን ያዝ፣ ቀጥ አድርገህ አቁመው። ሬዲዮውን በአንቴናው አንጠልጥለህ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ አንተና እኔ አንስማማም።

ከሞገዱ በላይ አደን የሚያበላሸው ድምፅ ነው። ተናግረህ ቁልፉን ስትለቅ «ቢፕ» የሚል ሬዲዮ አለ። ቁልፍ በነካህ ቁጥር «ቲት» የሚልም አለ። ደጋ አጋዘን ይህን ሰምቶ «ማነው የደወለው?» ብሎ አይጠይቅም፣ ይሄዳል። ከሆቴል ሳትወጣ ሁለቱንም አጥፋቸው። የጆሮ ማዳመጫም ያዝ። ቁልፉን ከተጫንክ በኋላ አንድ ሰከንድ ቆይተህ ተናገር፣ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። «አትተኩስ» ብለህ «ተኩስ» ብቻ ቢደርስ አስበው።

መሃል ላይ ተራራ ካለ 5 ዋትም አያልፈውም። አንድ ሰው ጋራው ጫፍ ላይ አስቀምጥና መልእክት ያቀባብል። የድሮ እረኛ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

ደንበኛህ አሜሪካዊ ከሆነ ሬዲዮውን ሲያይ ፊቱ ሊቀየር ይችላል። ሞንታናን በመሰሉ ግዛቶች በሬዲዮ እየተነጋገሩ አውሬ መክበብ ክልክል ነው። ሬዲዮው መኪና ለመጥራትና ሰው ቢጎዳ ለመድረስ መሆኑን አስቀድመህ ንገረው። እኔም ከዚያ ያለፈ ነገር ላይ ባታውለው ደስ ይለኛል።

ጣና ዳር ዳክዬ ለማደን ስንት ሬዲዮ ያስፈልገናል?

ዜሮ። ያለ ፈቃድ ማደን ሕገወጥ ነው። ጣና ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ስፍራ ነው። ሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዛችሁ ውጡ።

የእኔ ሬዲዮ «የሚስጥር ኮድ» አለው። ሌላ ሰው አይሰማኝም ማለት ነው?

ይሰማሃል። ኮዱ የሚደፍነው የአንተን ጆሮ እንጂ የሌላውን አይደለም። ያንኑ ቻናል የከፈተ ሁሉ ጥርት አድርጎ ያደምጥሃል። የእንግዶችህን የገንዘብ ነገር በሬዲዮ አታውራ።

ጋሼ፣ እኔ ደግሞ የጀልባ ረዳት ነኝ። ሬዲዮው ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ?

አይፒ 67 የሚል ምልክት ካለው 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል። ግን ጣና 1 ሜትር ብቻ አይደለም፣ እስከ 14 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። አብዛኛው ሬዲዮ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ባዶ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ በሲባጎ እሰርበት። ያንሳፍፈዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ጀልባው ሲንገላታ ታመሰግነኛለህ።

ካወጣኸው በኋላ «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብለህ አትክፈተው። መጀመሪያ ባትሪውን አውልቅ፣ ጥላ ስር አየር እያገኘ ይድረቅ። እህል ውስጥም አትቅበረው። አንዱ ጤፍ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድሮ አመጣልኝ። ሬዲዮው ደርቋል፣ እውነት ነው። የድምፅ ማጉያው ቀዳዳዎች ግን በጤፍ ተሞልተዋል። በመርፌ አንድ በአንድ ስለቅም ዋልኩ።